ከሰዓቱ በፊት የተሞላ ቅጽ

ቅጹን ያመጣው አለቃችን ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ፣ በሒሳብ መዝጊያ ወቅት ሠራተኛ የሚለቀው ሥራ ስለበዛበት ሳይሆን ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ስላጣ ነው የሚል ትምህርት ይዞ መጣ። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። አለቃችን ግን የሰማውን ሁሉ ቅጽ ካላደረገው እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ገጽ ነበር፤ በግራ በኩል የአሥራ አራታችን ስም፣ በቀኝ በኩል ሦስት ዓምድ፦ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ከላይ በትልቁ «የሞራል መከታተያ ቅጽ» ይላል። አንድ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ እየዞረ እያንዳንዱን ሠራተኛ በዓይኑ ያያል፣ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ ቲክ ያደርጋል።

ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ።

«ለምን እኔ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ወጣት ነሽ፤ ፈገግታሽም ደስ ይላል» አለኝ።

ፈገግታ የለኝም። ያለኝ ሊያልቅ አንድ ወር የቀረው የሙከራ ጊዜ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም። አለቃችንም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ከጀርባው «አይዟችሁ» ነው የምንለው። በቀን አራት ጊዜ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ «አይዟችሁ! ትንሽ ነው የቀረን!» ይልና ይጠፋል። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ በአሥሩም ጣቶቿ ሳታይ በፍጥነት ስለምትጽፍ «ጥይቷ» የምንላት፣ «እኔ ስቀበርም መጥቶ ‹አይዟችሁ፣ ትንሽ አፈር ነው የቀረን› ነው የሚለው» ትላለች።

የመዝጊያውን ወቅት በደንብ የሚያውቁት ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ የምንላቸው ናቸው። የኦዲት ቢሯችን ዋና ገምጋሚ ናቸው፤ የማናችንም ሥራ በእሳቸው ጠረጴዛ ሳያልፍ ለደንበኛ አይሄድም። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አስተማሩኝ ስል አቀማጠሉኝ ማለቴ አይደለም። አንድ ደረሰኝ አጠገብ ቲክ አድርጌ ሳመጣላቸው፣ ደረሰኙን በመዳፋቸው ይከድኑታል።

«አይተሽዋል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ማህተሙ ምን ቀለም ነው?»

ዝም ካልኩ አለቀ። «እንግዲያው አላየሽውም። ቲኩን አጥፊው።»

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ያልገባበትን መጋዘን ቆጠርኩ ብሎ ቲክ አድርጎ ነበር ይባላል። ጋሼ ሦስት መስመር ማስታወሻ ጻፉ፤ ልጁ ከምሳ በፊት ጠረጴዛውን ባዶ አድርጎ ወጣ። ለአዲስ ገቢ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነገር ታሪክ ነው፤ ለእኔም ተነግሮኛል። እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በደንብ ዞርኩ። አንድ ዙር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል በእርግጥ መልስ መስጠት ይጀምራል፤ አንዱ ስለ ወገቡ፣ አንዱ ስለ አከራዩ። አርባ ደቂቃ በሦስት ሲባዛ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ በመዝጊያ ወቅት የለኝም። በአራተኛው ቀን የዘጠኝ ሰዓቱን ዓምድ በስምንት ሰዓት ተኩል ሞላሁት። በስድስተኛው ቀን የዘጠኙን በስድስት። በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱንም ዓምድ ጠዋት ላይ አንድ ላይ እንደ ቫይታሚን መዋጥ ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዘጠኝ ብር የማይስማማ አንድ ድምር ላይ ተደፍቼ ነበር። ከራሴ በላይ ድምፅ መጣ።

«የካቻምናው የዕቃ ቆጠራ ክላሰር የት ነው?»

ጋሼ ናቸው። ቀና አላልኩም። «ምድር ቤት ነው ጋሼ።»

«አንቺስ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አልኩ ለስክሪኑ።

እርምጃቸው ራቀ። እሳቸውስ ደህና እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም። ቅጹን ሳብኩና አርባ ሁለት ቲክ አደረግኩ፤ የራሴንም ጨምሮ። ከዚያ ወደ ዘጠኟ ብር ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ያነሳችው ጥይቷ ናት። ጥቂት ሰምታ የስልኩን አፍ በእጇ ከደነችና «የጋሼ ባለቤት ናቸው» አለችን። «ስልካቸውን አያነሱም ይላሉ።»

ሁላችንም ወደ ጋሼ ጠረጴዛ ዞርን። ጃኬታቸው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጃኬት ወንበር ላይ ካለ ባለቤቱ እዚሁ አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ሰዓት ማንም ያልጠየቀው ለዚህ ነው። ጥይቷ ወረቀቶቹን ገለጥ ስታደርግ ስልካቸው ከሥር ወጣ። ድምፁ ጠፍቷል፤ አሥራ አንድ ያልተመለሰ ጥሪ አለው።

አይዟችሁ ከክፍሉ ወጥቶ ስልኩን ተቀበላት። «እትዬ፣ ምንም አይጨነቁ» ብሎ በሌላ እጁ ወደ እኔ ምልክት አደረገ። ቅጹን ነው የፈለገው።

ሰጠሁት። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል፤ ቅጹ ላይ ግን የዘጠኝ ሰዓቱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው። አርባ ሁለቱ ቲኮች ለማንም ዓይን ይጮኻሉ። የአለቃችን ጣት በጋሼ መስመር ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ሦስት ሰዓት። ስድስት ሰዓት። ጣቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ፣ አለፈው፣ ወረቀቱንም አስቀመጠ። አላየውም። እንደ እኔው ነበር የሚያየው።

«ይኸው እትዬ፣ በስድስት ሰዓት ታይተዋል፤ ደህና ናቸው። ምሳ ወጥተው ይሆናል።»

የሴትዮዋ ድምፅ ከስልኩ ሾልኮ ይሰማኛል። «ምሳ ዕቃውን እኮ መኪና ውስጥ ረስቶት ነው የወረደው። ጠዋት መርፌውን ወግቷል፤ የበላው አንድ ቁራጭ ዳቦ ነው። አራት ሰዓት ላይ የሆነ ነገር መቅመስ አለበት።»

ጋሼ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ መሳቢያቸው ውስጥ ብስኩት አይጠፋም።

«በስድስት ሰዓት ፍጹም ደህና ነበሩ» አለ አለቃችን፤ ለራሱም ደስ አለው። «በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምንከታተላቸው።»

«እንዲያ ካሉማ እሺ» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ሲረጋጋ ሰማሁት። ያ «እሺ» በሕይወቴ ከሰማሁት ቃል ሁሉ የከፋው ነው። በእኔ ቲክ ነው የተረጋጉት።

አለቃችን ስልኩን ዘጋና «አይዟችሁ» ብሎን ገባ። እኔ ወደ ጋሼ ጠረጴዛ ሄጄ መሳቢያውን ሳብኩት። የብስኩቱ ጥቅል አልተከፈተም።

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መጀመሪያ ራሴ አገኛቸዋለሁ፣ ከዚያ የሚነገር ነገር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። የወንዶችን ሽንት ቤት አንኳኳሁ። ሰው ሲጋራ የሚያጨስበትን ሰገነት አየሁ። ዝናብ እየጣለ መንገዱን ተሻግሬ ካፌውንና መድኃኒት ቤቱን ጠየቅኩ። ተመልሼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ምድር ቤቱ ሃያ ሁለት ደረጃ ታች ነው። በግራ ጄኔሬተሩ፣ በቀኝ መዝገብ ቤቱ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ይጮኻል። የመዝገብ ቤቱ በር ብረት ነው፤ ከውጭ ሲሳብ ይከፈታል፣ ከውስጥ ግን መያዣው እኔ ሳልቀጠር በፊት ተሰብሮ እስካሁን አልተሠራም። ስለዚህ ሁላችንም የምንሠራበት ደንብ አለን፦ የሚገባ ሰው አንድ ወፍራም ክላሰር በሩ ላይ ይሸጉጣል። ክላሰር ካለ ውስጥ ሰው አለ። ክላሰር ከሌለና በሩ ከተዘጋ ማንም የለም።

በሩ ዝግ ነበር። ክላሰር አልነበረም። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት። የጄኔሬተሩ ጩኸት ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። ቆምኩ፣ በሩን አየሁ፣ «እዚህ የሉም» አልኩ በሆዴ። ተመልሼ ወጣሁ።

ላይ ስደርስ አለቃችን፣ ጋሼ እዚያ ሄደው እንደሆነ ብሎ አንድ ደንበኛ ጋ ደውሎ ነበር፤ አልመጡም ብለውታል።

«ምናልባት ወደ ቤት እየሄዱ ይሆናል» አለ።

«ጃኬታቸውን ትተው?» አለች ጥይቷ። «በዚህ ዝናብ?»

«ሕንፃውን በደንብ ብንፈትሸውስ?» አልኩ እኔ።

«የኔ እህት፣ በስድስት ሰዓት ደህና ሆነው የታዩ ሰው ሕንፃ ውስጥ ምን ይሆናሉ? የጠፉት ከስድስት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወጥተዋል ማለት ነው። አይዞሽ።»

ትክክል ነበር። ከተሰጠው መረጃ ተነስቶ ያለ እንከን ነው ያሰበው። መረጃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። ታላቄ ናት፤ ነርስ ናት፣ በዚያ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ስለነበረች በዚህ ሰዓት የምንኖርባት አንዷ ክፍል ውስጥ መጋረጃውን ዘግታ ትተኛለች።

«ማን ሞተ?» አለች። በእንቅልፏ መሀል ስትቀሰቀስ ሁልጊዜ የምትለው ነው። ያን ቀን ግን እንደ ሁልጊዜው አልሳቅኩም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የስኳር በሽተኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኢንሱሊን ተወግቶ፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ በልቶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ነገር ባይቀምስ ምን ይሆናል?»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስታ ተቀመጠች። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«የት ነው ያለው?»

«አልታወቀም። ስድስት ሰዓት ላይ ግን ደህና ሆኖ ታይቷል ይላሉ።»

«ማነው ያየው?»

«ቅጽ አለን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሚጣ፣ ማነው ያየው?»

«እኔ ነኝ ያየሁት የሚባለው።»

«አይተሽዋል ወይስ ይባላል?»

«አላየሁትም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። አልጮኸችም፤ ለታማሚ በምትናገርበት ድምፅ ነው የተናገረችኝ፣ እሱ ይበልጥ ያስፈራል። «ስሚኝ። ሰውዬው የሆነ ቦታ ወድቋል። ከእኔ ጋር ማውራትሽን ተዪና ንገሪያቸው። አሁን። ስኳር ይዛችሁ ፈልጉት። ስታገኙት ደውዪልኝ።» ዘጋችው።

ከደረጃው እስከ ቢሯችን ዘጠኝ እርምጃ ነው። በዘጠኙ እርምጃ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ አያኮራም። ባለ ሦስት መስመሩ ማስታወሻ መጣብኝ። ባዶ የሆነው ጠረጴዛ መጣብኝ። ሳልናገር የማገኝበት መንገድ ካለ አንድ ጊዜ ደግሜ ፈለግኩ። ከዚያ ሴትዮዋ ያሉት «እሺ» መጣብኝና በሩን ገፋሁት።

«አላየኋቸውም» አልኩ።

አለቃችን ከስልኩ ቀና አለ። «ማንን?»

«ጋሼን። ስድስት ሰዓት ላይ አላየኋቸውም። ሦስት ሰዓት ላይም አላየኋቸውም። ቅጹን የሞላሁት ጠዋት ነው፤ ሦስቱንም ዓምድ። ይዩት፤ የዘጠኝ ሰዓቱም ተሞልቷል።»

ቅጹን አነሳ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። እንደገና ቅጹን አየ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ከትከሻው በላይ አጮለቀ። የጋሼን መስመር አልነበረም የሚያዩት፤ እያንዳንዱ የራሱን ነበር የሚፈልገው።

ጥይቷ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ ሳለቅስ ነበር» አለች። «ትናንት ምን ብለሽ ሞላሽኝ?»

«ደህና።»

ፊቷን ወደ ቅጹ መለሰች።

«የመጨረሻው መቼ ነው?» አለ አለቃችን። ድምፁ ውስጥ አይዟችሁ የሚባል ነገር አልነበረም። «መቼ ነው ያየሻቸው?»

«ድምፃቸውን ነው የሰማሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ክላሰር ፈልገው ምድር ቤት ነው አልኳቸው።»

በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ጥበቃ፣ አባባ የምንላቸው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ምድር ቤት?» አሉ። «ያንን በር እኮ ጠዋት የዘጋሁት እኔ ነኝ። ክላሰሩ መሬት ላይ ወድቆ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት። ሰው አለ ወይ ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ክላሰሩን ከውጭ ያለው እቃ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ ገፋ አደረግኩት። ጄኔሬተሩ… ልጄ፣ ጄኔሬተሩ እየጮኸ ነበር።»

የሻይ ስኳራችን የሚቀመጥበትን ጣሳ፣ ማንኪያና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ሮጥኩ። ሃያ ሁለቱን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። አለቃችን ከፊቴ ነበር፤ በሩን ሲስበው ያለ ምንም ችግር ነው የተከፈተው። ቁልፍ አላስፈለገም፣ ጉልበት አላስፈለገም። አንድ እጅ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሙቀትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ወጣብን። ከበሩ አራት እርምጃ ላይ፣ ጀርባቸውን ለመደርደሪያው ሰጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው ከአንገት እስከ ቀበቶ በላብ ረጥቧል። ዓይናቸው ክፍት ነው። ወደ እኛ ይመለከታል፣ ግን አያየንም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቁጥር ነው የሚጠሩት፣ በቅደም ተከተል ያልሆነ ቁጥር። በቀኝ እጃቸው እስክሪብቷቸውን፣ በግራቸው የተጣጠፈ ወረቀት ጨብጠዋል።

እህቴ ጋ ደወልኩ። «ይውጣል?» አለች። «በማንኪያ ጫፍ ውሃ ስጪውና እዪ። ካልዋጠ ምንም እንዳትጨምሪ።»

ጥይቷ ጭንቅላታቸውን ያዘች። ውሃውን ሰጠኋቸው። ጉሮሯቸውን አፍጥጬ አየሁት፤ በዕድሜዬ አንድን ነገር እንደዚያ አይቼ አላውቅም። ቆመ። ቆመ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

«ዋጡ።»

«ስኳሩን በጥብጪና ቀስ እያልሽ ስጪው። አምቡላንስ ጠርታችኋል?»

ጠርተን ነበር። የአምቡላንሱ ሰዎች ሲመጡ ወረቀቱን ከጋሼ እጅ ሊያስለቅቁ ሞከሩ፤ ጋሼ አልለቅ አሉ። ጨብጠውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አሥራ አንድ ቀናት ከዚያ ቀን ይቀላሉ ብዬ ነበር። አልቀለሉም። ጋሼ በሁለተኛው ቀን ነቁ፤ በአምስተኛው ቤታቸው ገቡ። አለቃችን እኔን ጠርቶ «የአንቺን ነገር እሳቸው ሲመለሱ እሳቸው ይወስኑ» አለኝና በሩን ዘጋ። ቅጹ ቀረ። ሞራል የሚለውን ቃል ቢሮ ውስጥ የሚያነሳው ሰው ጠፋ። ጥይቷ ሥራ ነክ ከሆነ ትመልስልኛለች። በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ ላይ የስንብት ፖስታ እየፈለግኩ ገባሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረ፤ ለማንም ያልተናገርኩት። ቲኮቹን ተናዘዝኩ እንጂ፣ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወርጄ በሩ ፊት እንደቆምኩ ማንም አያውቅም። ለእህቴም አልነገርኳትም። ሌላው ሁሉ ከታወቀ ይህቺ አንዷ ብትቀር ምን ትጎዳለች ብዬ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሼ መጡ። ባለቤታቸው እስከ በሩ አደረሷቸው፤ ከመመለሳቸው በፊት ክፍሉን ሲቃኙ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ሄዱ። ጋሼ ከስተዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቷቸዋል። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሳህን ከረሜላ አስቀመጡ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡና ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ነበር። በግራ የእኔ ቅጽ። በቀኝ ያ ጨብጠውት የሄዱት ወረቀት፤ በካቻምናው ቆጠራ አንድ ገጽ ጀርባ ላይ በቀይ የተጻፈ። የታችኛውን ጫፍ በመዳፋቸው ከድነውታል።

«አመሳክሪልኝ» አሉኝ። «የማይገናኝ መስመር ካለ ከጎኑ ማብራሪያ ጻፊ። እንደተማርሽው።»

አነበብኩ።

*3:05 በሩ ተዘጋ።*
*3:10 ደበደብኩ። ጄኔሬተሩ።*
*4:40 ላብ።*
*5:30 ኪስ ውስጥ አንድ ከረሜላ። በላሁ።*
*7:15 እጄ አልታዘዝ አለ።*

ፊደሎቹ እየወረዱ እየሰፉ ይሄዳሉ። የሚቀጥለው መስመር ተንሸራቶ ገጹን በሰያፍ ይቆርጠዋል።

*8:25 በበሩ ሥር የሰው እግር። ቆመ። ተጣራሁ። ሄደ።*

በሩና ወለሉ መሀል፣ መሬት ላይ ለተጋደመ ሰው ውጭውን የሚያሳይ የሁለት ጣት ክፍተት አለ። አላሰብኩትም ነበር።

ከላይ ጀመርኩ። ከሦስት ሰዓቱ ጎን «አልታዩም፤ በ2:30 የተሞላ» ብዬ ጻፍኩ። ከስድስት ሰዓቱ ጎንም እንዲሁ። ከዘጠኝ ሰዓቱ ጎንም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«አንድ መስመር ቀርቷል» አሉ ጋሼ።

«በእኔ ቅጽ ላይ በ8:25 ምንም የለም ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ጥበቃውን ጠየቅኩት፤ እሱ የወረደው ጠዋት ብቻ ነው። አይዟችሁ ደግሞ ደረጃ አይወድም።» ቅጽል ስሙን እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ። «ሐኪሙ ስኳር እዚያ ድረስ ሲወርድ ሰው የሌለ ነገር ያያል አለኝ። ባለቤቴም ቅዠት ነው፣ ተወው አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን አሰብኩት። ራሴ የጻፍኩትን ራሴ ማመን አልቻልኩም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ሆኜ አላውቅም።»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሐኪሙ ከእኔ ወገን ነበር፣ ባለቤታቸውም። ቅዠት ነው ቢባል ሁሉም ሰው ደስ ይለው ነበር፤ ምናልባት ከእሳቸው በቀር። ዓይናቸውን አየሁት። ፈርተዋል። የፈሩት በሩን አልነበረም፤ ከዚህ በኋላ የሚያዩትን ማመን አለመቻልን ነው።

እስክሪብቶውን አነሳሁና ከመስመሩ ጎን ጻፍኩ፦ «እኔ ነኝ። በሩን አየሁ። ክላሰር አልነበረም። አልከፈትኩም።»

አነበቡት። መዳፋቸውን ከወረቀቱ ጫፍ አላነሱም።

«ምን ጫማ አድርገሽ ነበር?»

«ጥቁር፣ ጠፍጣፋ። የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በነጭ ክር ነበር የቋጠርኩት።»

መዳፋቸውን አነሱ። ከሥር አንድ መስመር ነበር፤ ለመነበብ የሚያስቸግር፣ ግን የሚነበብ። *ጥቁር። በግራው ላይ ነጭ ነገር።*

ጋሼ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከእኔ ማብራሪያ አጠገብ በቀይ አንድ ቲክ አደረጉ፤ ትንሽ፣ ጠባብ፣ እንደ ወትሮው። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

«ቋሚነትሽን አልፈርምም» አሉ። «ሦስት ወር ይጨመርበታል። ከዚያ እናያለን።»

«እሺ ጋሼ።»

«የካቻምናው ቆጠራ ክላሰር እስካሁን አልደረሰኝም። እጄ ላይ ያለችው ይህቺ አንዷ ገጽ ብቻ ናት። ሂጂና አምጪልኝ።»

ወረድኩ። መብራት ስለነበር ጄኔሬተሩ ዝም ብሏል፤ ጸጥታው ከጩኸቱ ይብሳል። በሩ አዲስ መያዣ ገብቶለታል። ገባሁ፣ ዘጋሁት፣ ከውስጥ ከፈትኩት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሠራ። ሆኖም ወፍራሙን ክላሰር አንስቼ በሩ ላይ ሸጎጥኩት።

«ሰው አለ?» ብዬ ተጣራሁ።

መልስ አልነበረም። መልስ አለመኖሩ አልበቃኝም። ከመጀመሪያው መደርደሪያ እስከ መጨረሻው፣ እያንዳንዱን መተላለፊያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው ክላሰሩን መፈለግ የጀመርኩት፤ ያን ጊዜም ጀርባዬን ለበሩ መስጠት አልቻልኩም።